የመንገዱ በኩል መስታወት

ውድ ወንድምዓለም፣

ስምንት ዓመት ሙሉ በስልክ «ሁሉ ሰላም ነው» ስልህ ኖሬያለሁ። «ለአባባ ላቀብለው?» ስልህ «ሌላ ቀን» ትለኛለህ፤ እሱም ያው ነው፣ በማን ወጣህ። ዛሬ ግን በስልክ ከአፌ የማይወጣ ነገር ስላለብኝ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

በረንዳውን አሠራነው። ትዝ ይልሃል፣ ክረምት ሲገባ ወጨፎው እስከ በሩ ይደርስና እኔና አንተ ወንበር ላይ ወጥተን ማን ቀድሞ እንደሚረጥብ እንወራረድ ነበር? አባባ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ኋላ ስታስሉ አላውቃችሁም» ይለናል። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት አልሰማሁም። ናፍቆኛል።

አንተ ከሄድክ ወዲህ አባባ ከበረንዳው አይነሳም። ዘነበም በረደም ሁለት ካፖርት ደርቦ እዚያው ነው። ግባ ስለው «አየር ልቀበልበት» ይለኛል። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቱን የሚያሰግገው ለአየር መሰለህ? ባለፈው ክረምት ደረቱን ታሞ ወር ሙሉ ተኛ። እሱን ማስገባት ሲያቅተኝ ቤቱን ወደ እሱ ላወጣለት ቆረጥኩ። ሲሚንቶው ላይ ጣውላ አስነጠፍኩ፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ አስመታሁ። የጎኑን የሸራ መጋረጃ ራሱ ሰፋው፤ ጠርዙን ሦስቴ ፈትቶ ሦስቴ መለሰው፣ ታውቀው የለ።

አናጢው የመንገዱን በኩል በጣውላ ሊደፍነው ሲል ግን አባባ ብድግ አለ።

«አባቴ፣ ንፋሱ እኮ የሚመጣው በዚህ ነው» አለው አናጢው።

«ሰውም የሚመጣው በዚሁ ነው።»

መስታወት ገባበት። በየጠዋቱ ራሱ ይወለውለዋል።

ወንድምዓለም፣ የሄድክ ዕለት በጓሮ በር መጥተህ «አባባን ልሰናበተው» ስትለኝ «ተኝቷል» አልኩህ። አልተኛም ነበር። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅህ ነበር። በዋዜማው ስፌቱን ትተህ የጭነት መኪና ሹፌር ልትሆን ነው ብሎ ሲጮህብህ ሰምቼ ስለነበር፣ ደግማችሁ እንዳትጣሉ ፈራሁ። ይኸው እሱ ሳትሰናበተው የሄድክ ይመስለዋል፤ አንተም ከእንቅልፉ ሊነሳልህ ያልፈለገ ይመስልሃል። ሁለታችሁንም የለያየሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር ወደ መስታወቱ አስጠጋና «ጻፊለት» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«በረንዳው አሁን አይበርድም በይው።»

ይቅርታህን የምትለምን፣
ታናሽ እህትህ