ቺንጋው እስኪበጠስ በትዕግሥት ለሚጠብቁት ክቡር ኃላፊ

ለሕሙማን ማመላለሻ አገልግሎት የንብረትና ጥገና ክፍል ኃላፊ፣
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ጤናውን ያጣ ሰው በእርስዎ መኪና መሳፈሩ ስለማይቀር ለጠላቴም ቢሆን ጤና መመኘት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታላቅ እህቴ ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የእርስዎ ሚኒባስ ከበራችን አንስቶ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ደሟ በመሣሪያ ወደሚታጠብበት ሆስፒታል ያደርሳታል። እጥበቱ ከተቋረጠ ብዙ አትቆይም። ስለዚህ የምጽፈው ስለ አንድ የጎማ ቺንጋ ቢመስልዎም ስለ እህቴ ነው፤ ውድ ጊዜዎን እንዳልሻማም ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

1ኛ. የተበላሸው ዕቃ ተመላሽ ካልሆነ ምትክ አይሰጥም ስለሚለው መመሪያዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሾፌራችን የሞተሩ የታይሚንግ ቺንጋ መቀየሪያ ጊዜው ማለፉን ደጋግሞ ሲያመለክት፣ የግምጃ ቤትዎ ሹም አሮጌውን ይዘህ ና ይሉታል፤ አሮጌውማ ሞተሩ ላይ እየሠራ ነው ሲላቸው፣ እየሠራ ከሆነ ታዲያ ምን ፈልገህ ነው ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። የእኔ የስፌት መኪና ቺንጋዋ ሲበጠስ መርፌዋ ቀጥ ትላለች፤ አዲስ አጠልቅላትና ሥራዬን እቀጥላለሁ። የእርስዎ ሚኒባስ ቺንጋ ግን የሞተሩን የላይኛና የታችኛ ክፍል በአንድ ልክ የሚያዞር ስለሆነ፣ በተበጠሰ ቅጽበት ቫልቭና ፒስተን እርስ በርስ ይደባደባሉ፤ የሠራው ፋብሪካም ኪሎ ሜትሩ ወይም ዓመቱ ሲደርስ፣ ሳይበጠስ ቀይሩት የሚለው ለዚሁ ነው። ፋብሪካው የእርስዎን መመሪያ አለማንበቡ ያሳዝናል።

2ኛ. ቺንጋው በመጨረሻ መመሪያውን አክብሮ ተበጠሰ። ወደ ሆስፒታሉ የሚያወጣው ዳገት መሃል ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ ጓ ብሎ ጸጥ አለ፤ ሕሙማኑም ወርደው፣ እህቴ ያበጡ እግሮቿን ዘርግታ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የሚያልፈው መኪና ሁሉ አቧራውን እያለበሳት ግማሽ ቀን አለፈ። ሆስፒታል ሲደርሱ ተራቸው ለሌላ ተሰጥቶ ስለነበር፣ የተረፈችውን ሰዓት ተካፍለው ደማቸው በቅጡ ሳይጠራ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ከቢሮዎ የተደወለው ስልክ ሾፌሩን የጠየቀው ማን ታመመ ብሎ አልነበረም፤ የተበጠሰውን ቺንጋ አንስተሃል ወይ ብሎ ነው። አንስቶታል፣ በፌስታል ቋጥሮ። ለንብረት ያለዎት ርኅራኄ አስለቅሶኛል።

3ኛ. ሞተሩ ተፈትቶ የታጠፉት ቫልቮች ተለወጡ፣ አዲስ ቺንጋም ወጣ። የቺንጋው መወጠሪያና በዚያው ቺንጋ የሚዞረው የውሃ ፓምፕ ግን አልተሰበሩምና አሮጌዎቹ እንዲመለሱ አዘዙ፤ አንዴ ከተፈታ አይቀር ሁሉም አብረው ይቀየሩ ያለዎትን መካኒክም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ይኸው አሁን ሚኒባሱ በእጥበቷ ቀን ማለዳ ከበራችን ሲነሳ፣ ከፓምፑ የተንጠባጠበውን ውሃ መሬቱ ላይ ጥሎልን ይሄዳል። ፓምፑ አልዞርም ብሎ የነከሰ ዕለት አዲሱን ቺንጋ ይዞት ይሄዳል፤ ያኔ ሁለት የተበላሹ ዕቃዎች ስለሚቀርቡልዎ ደስታዎ እጥፍ ይሆናል።

4ኛ. እስከዚህ ድረስ ነገሩ አለማወቅ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ባለፈው ሰኞ ግን ለጋራዥዎ ሠራተኞች የሰፋሁትን ቱታ ላስረክብ ስሄድ፣ ክቡርነትዎን ከግል መኪናዎ አጠገብ ቆመው አገኘሁዎ። ማን እንደሆንኩ ባያውቁም በትሕትና አስተማሩኝ፤ ቺንጋ ሲበጠስ ቀድሞ እንደማይናገር፣ አስተዋይ ሰው ጊዜውን ጠብቆ እንደሚቀይረው፣ ቺንጋውን ቀይሮ መወጠሪያውንና ፓምፑን መተው ደግሞ ድካምን በከንቱ ማፍሰስ እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዱኝ። ከመኪናዎ የወጣውን ቺንጋም እያጠፉ አሳዩኝ፤ አንዲት ስንጥቅ የለበትም። ገና ነበር፣ ግን በሞተሬ ቁማር አልጫወትም ብለው ሳቁና ወደ ቆሻሻው በርሜል ወረወሩት። እኔም ቱታዎቹን እንዳቀፍኩ ለወጉ አብሬዎት ሳቅሁ፤ ከዚያ ቱታዎቹን አስረክቤ ወጣሁ። ሁሉንም ያውቁ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ተጸየፍኩዎ፤ ይህን የሚያለሰልስ ሌላ ቃል ብፈልግም አላገኘሁም።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ሚኒባሱ ሰኞ ሰኞ ቆሞ ስለሚውል በመጪው ሰኞ ጋራዥ ይግባና ፓምፑና መወጠሪያው ይቀየሩ፤ ማክሰኞ እህቴ ትሳፈራለች። እርሷ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ስለ መኪናው ከተናገርን ወንበሬን ለሌላ ይሰጡብኛል ብላ ትፈራለች፤ ስምዎ በተነሳ ቁጥርም ትመርቅዎታለች። እኔ ግን አሜን ለማለት ከብዶኛል። ቅጣት ካለ ለእኔ ይሁን፤ ለጋራዥዎ ቱታ የሚሰፋው አንድ ሰው ነውና ለማግኘት አይቸገሩም።

ለግል መኪናዎ ባሳዩት አርቆ አስተዋይነት እየተደመምኩ፣ ከዚያ የተረፈ ጥቂት ቢኖር ለሕሙማኑ እንዲያካፍሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሞተርዎም ረጅም ጉዞን የምመኝ፣

የተሳፋሪዋ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ በሚኒባሱ ውስጥ ከእህቴ አጠገብ አንድ ወንበር ክፍት ነው። ቺንጋው የተበጠሰ ዕለት ግማሽ እጥበት ደርሷቸው ከተመለሱት አንዷ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ ቀጣዩ ተራቸው ሳይደርስ ዐርፈዋል። ሐኪሞቹ ልባቸው ነው አሉ፤ እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ አልከራከርም። ፓምፑ ካልተቀየረ ግን በማለዳ ከበራችን ተሳፍረው ከእህቴ ጋር ዳገቱን እንዲወጡ በታላቅ አክብሮት ጋብዤዎታለሁ። ወንበሩ በመስኮት በኩል ነው፤ መጥቶ የሚያስነሳዎት ባለቤት የለውም።