ያላዳንኳቸው ዘሮች

ውድ ልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። አክስትሽ «አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ» ብትለኝ፣ «የልጄን ጉዳይ በሰው እጅ አላስጽፍም» አልኳት። ፊደሉ ቢንጋደድ ቻይው።

ለጥናትሽ ከጓሯችን የቀበርሻቸውን የዘር ከረጢቶች በቀጠርሽው ቀን አወጣኋቸው። እስከዚያ ድረስ አንዱንም አልነካሁም።

ቀላል እንዳይመስልሽ። በችግኝ ጣቢያ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ዘር ሲበሰብስ እጄን አጣጥፌ አይቼ አላውቅም። አንቺ ግን ግማሹን የሻጋታ መድኃኒት ውስጥ ነክረሽ፣ ግማሹን እንዲሁ ትተሽ፣ ከሁለቱም ከፊሉን ከአሸንዳው ሥር ጭቃው ውስጥ፣ ከፊሉን ከግድግዳው ጥግ ደረቁ አፈር ውስጥ ቀበርሽና «አባዬ፣ የሚሞተው ይሙት፣ እንዳታድንብኝ» ብለሽኝ ሄድሽ። መምህሮችሽ «ዘሩን የሚገድለው ራሱ ውሃው ነው» ይላሉ። አንቺ ደግሞ «እርጥበት የሚያፋፋው የአፈር ሻጋታ ነው» ትያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በልቤ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ለሰው ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ልጄ ነሻ!

ዝናቡ ሲጠና አክስትሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዛ ከተፍ አለች።

«ያልተነከሩት ማለቃቸው ነው። ጠብ ላድርግላቸው፤ ልጅቷ በምን ታውቃለች?»

«ንኪና እንተያያለን!»

«አንተ ሰውዬ፣ ዘር ከነነፍሱ ቀብረህ ቁጭ ብለህ ልታይ ነው?»

«አዎ፣ ቁጭ ብዬ» አልኩና ወንበር አውጥቼ፣ ጃንጥላ ዘርግቼ ከአሸንዳው ሥር ተቀመጥኩ። እሷ እስክትሄድ አልተነሳሁም። ሳምንት ሙሉ አስነጠሰኝ፤ አይቆጨኝም።

ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። እንዳሳየሽኝ ዘሮቹን እርጥብ ወረቀት ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩ። ከደረቁ አፈር የወጡት፣ የተነከሩትም ያልተነከሩትም፣ እኩል በቀሉ። ከጭቃው የወጡት የተነከሩትም በቀሉ፣ ያንኑ ውሃ ሲጠጡ ከርመው! ያልተነከሩት ግን ገለባ ብቻ፤ ውስጣቸው ተበልቶ ነጭ ድር ለብሰዋል። ውሃው ሁሉንም አርሷል፤ የገደለው ሻጋታው ነው። ረታሽን ልጄ፣ እኔንም እነሱንም።

ሰፈሩ «የሻጋታ ሐኪም» እያለ ይስቅብሽ የለ? ከበሰበሰው ቆንጥሬ በሳህን በየበሩ አዞርኩት። ልብስ ሰፊው አፍንጫውን ይዞ «ጋሼ፣ ይኼ ያኮራል እንዴ?» አለኝ። «ያንተ ልጅ እንዲህ ያለ ብስባሽ አውጥታ ታውቃለች?» አልኩት። እናትሽ በሕይወት ብትኖር በመጀመሪያ ሳህኗን ትነጥቀኝ ነበር፤ ቀጥላ ራሷ ይዛ ትዞር ነበር።

ቀሪውን አሽጌ ልኬልሻለሁ። መምህሮችሽ ፊት ስትቆሚ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው። አባትሽን ሐሳብ ያስቀየረ ሰው እስከ ዛሬ እናትሽ ብቻ ነበረች፤ አሁን ሁለት ሆናችኋል።

ባንቺ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው
አባትሽ