ዳኜ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ ይሉኛል

ዳኜ፣ የልቤ ሰው፤

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። በመጀመሪያው ክረምት ቤቱ ያፍስ አያፍስ ልብ አላልኩም ነበር። ዘንድሮ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ቀና ብዬ የሚያፈስበትን ቦታ ፈለግኩ፤ ሰው ጠርቼም አስጠገንኩት። መኖር መቀጠሌን ያወቅኩት ያኔ ነው። ትንሽ አፈርኩህ።

ሰቆጣ ያው ሰቆጣ ናት። መብራቱ ይመጣል፣ ይጠፋል። እኔ አሁንም አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልብስህን በአርባህ ለነዳያን ሰጠሁ፤ ጫማዎችህን ግን ልጃችን ትህትና አላስነካ አለችኝ፣ አልጋዋ ሥር ናቸው። ግቢው በር ላይ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል፤ ሥሩ አጥሩን እየገፋው ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ትህትና ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ስለምትሄድ ነው። አንድ የአትሌቲክስ ክለብ ወሰዳት። አንተ ብትኖር ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስድህም ነበር፤ በደስታ ይሁን በስጋት አላውቅም። እኔ እሺ ያልኩት ቶሎ አልነበረም። እንዴት እሺ እንዳልኩ ላንተ ሳልነግርህ ልጅቷ ብትሄድ ቅር ይለኛል።

በለቅሶህ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ፣ ድሮ አብሮህ ይሮጥ የነበረ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከልቡ አለቀሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያ ሁሉ ገንዘብ ግን የት ገባ ብሎ ጠየቀኝ። በክፋት አልነበረም፤ የራሱም የት እንደገባ የማያውቅ ሰው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ገበያ ላይ፣ መምህራን ማረፊያ፣ ሚኒባስ ውስጥ። አንዳንዱ መልሱንም ይዞ ይመጣል። መጠጥ ነው ይላል፤ አንተ ጠላ እንኳ ከአንድ ጣሳ አታልፍም ነበር። ሴት ነው ይላል። ማናጀሩ በላው ይላል። ለሁሉም ዝም አልኩ። መልሱ አጥሮኝ አይደለም፤ በገበያ መሐል ቆሞ የሚነገር ስላልሆነ ነው።

የተዋወቅንበትን ቀን ታስታውሰዋለህ። ከወልድያ ተመድቤ አምደወርቅ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበርና እኔ የሩጫው መጨረሻ ላይ ስም እመዘግባለሁ። አንተ ከጋዝጊብላ ከመጡት ጋር ነበርክ፤ ሁሉንም ጥለህ ገባህ። ሽልማቱ አንድ ሰማያዊ ቱታ ነበር። ነፋሱ ይቆርጣል፣ ሁለተኛ የወጣው ጓደኛህ ይንቀጠቀጣል፤ አንተም ቱታውን አንዴ እንኳ ሳትለብሰው አለበስከው። ስምህን ጠየቅኩህና ተሳስቼ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። የወደድኩህ በዚያ ቱታ ነው፣ ዳኜ። በኋላ ያለንን ሁሉ የበተነውም ያው እጅህ ነው። ታዲያ ማንን ልውቀስ?

ከዚያ ክለብ ገባህ፣ ከዚያ ባሕር ማዶ መሮጥ ጀመርክ። የመጀመሪያውን ትልቅ የጎዳና ሩጫ ያሸነፍክ ጊዜ የሰቆጣ ሰው እስከ ከተማው መግቢያ ወጥቶ ተቀበለህ፤ ጭነት መኪና ላይ አቁመው አዞሩህ። ቤት ስንገባ ግን ያወራኸኝ ስለ ድሉ አልነበረም። ያረፍክበት ሆቴል አልጋው በጣም ለስልሶ እንቅልፍ ስለነሳህ ብርድ ልብሱን ወለሉ ላይ አንጥፈህ መተኛትህን ነበር። እንዲህ ያልከኝ ሰው ገንዘብ ሲገባህ ሰቆጣ ላይ ሆቴል መሥራት ጀመርክ። ለምን ሆቴል ብዬ ስጠይቅህ፣ ቀድመውህ ያሸነፉት ሁሉ ሆቴል ሠርተዋላ አልከኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረህም። እኔም የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም።

ማናጀሩ የሚያስፈርምህ ውል በእንግሊዝኛ ነበር። እኔ መምህሯ እንኳ አንዱን ገጽ ሳልጨርስ ይደክመኝ ነበር። የእሱ ድርሻ ስንት ነው፣ ግብሩን ማን ይከፍላል፣ ብትጎዳ ምን ይሆናል ብለን አልጠየቅንም። ሰውየው እንግዳ ተቀባይ፣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ መጠየቅ እሱን መጠርጠር መሰለን።

አዲስ አበባ ቤት ገዝተን ስንገባ ደግሞ በራችን ላይ ጠዋት ጠዋት ሰው ይጠብቅህ ጀመር። የአጎትህ ልጅ አይሱዙ ፈለገ፣ የአክስትህ ልጅ ወፍጮ ፈለገ፣ ከነጭራሹ የማናውቀው ሰው ልጁን ሊያሳክም ፈለገ። ብዙዎቹ በእውነት የተቸገሩ ነበሩ፤ ይህን አልክድም። አንድ ጠዋት ለልምምድ ጫማህን ስታስር፣ አይሱዙው ተገዝቶለት ደግሞ ለጎማ የመጣውን ዘመድህን፣ እሱን ብቻ፣ እምቢ በለው ብዬ ለመንኩህ። ቀና ብለህ አየኸኝ።

«እመቤት፣ ይህን እግር ገዝቼው አይደለም። እምቢ ያልኩ ቀን የሰጠኝ ይወስደዋል» አልክ።

ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ አልተናገርኩህም። ስስት ቢሆን እከራከርህ ነበር፣ ሞኝነትም ቢሆን እመክርህ ነበር። ይህ ግን እምነት ነው፤ በሰው እምነት ላይ ምን ይባላል?

የተረከዝህ ጅማት የተበጠሰ ጊዜ ሐኪም ቤት አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። እግርህ ታስሮ ተሰቅሏል። ጣራውን እያየህ፣ «ማንን ነው እምቢ ያልኩት?» አልከኝ። ስም ትጠራ ጀመር። የመጡትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስክ። በመጨረሻ ከአበርገሌ የመጣ አንድ ሰው ትዝ አለህ፤ ፍየል ልግዛበት ብሎ ጠይቆህ፣ በኋላ ና ብለኸው ረስተኸዋል። እግርህ ሳይፈታ እስከ ቆላው ሰው ልከህ አስፈለግከው፤ ሰጠኸውም። ሰውየው ፍየሉን ገዛ። እግርህ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

የገበሬ ልጅ ነህ። መሬት ዘንድሮ ቢነፍግ ለከርሞ ይሰጣል ሲባል እየሰማህ ነው ያደግከው፤ እግርህንም እንደዚያው ጠበቅከው። ከርሞ እመለሳለሁ እያልክ ሆቴሉን በብድር ቀጠልክበት። በእግርህ ከበሉት ሰዎች መካከል የሯጭ እግር የሚያፈራው ለጥቂት ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ረጅም ዕድሜ አለ ብሎ ቁጭ አድርጎ የነገረህ አንድም አልነበረም። መኪናው ተሸጠ። የአዲስ አበባው ቤት ተሸጠ። ሆቴሉ ፌሮው እንዳገጠጠ፣ አንድም እንግዳ ሳያሳድር በሐራጅ ሄደ። በራችን ላይ ይጠብቁህ የነበሩትም ቀሩ። አንተ አንስተኸው አታውቅምና እኔም አላነሳውም።

ሰቆጣ ስንመለስ ሰው ቀና ብለህ ማየት አቅቶህ ነበር። በሆቴሉ በር ላለማለፍ ዙሪያውን በጉድባው ትሄድ ነበር። የስፖርት ሜዳው ጥበቃና ልጆችን የማሠልጠን ሥራ ስታገኝ እንኳ በዚያው መንገድ ነበር የምትመላለሰው። ከዚያ አንድ ቀን ከምታሠለጥናት ከትህትና ጋር እየሳቃችሁ፣ በትልቁ መንገድ፣ በሆቴሉ ፊት ለፊት ስትመጡ አየኋችሁ። ምን ተገኘ ብዬ ልጠይቅህ አስቤ ተውኩት። ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር፤ በኋላ የያዘህ ሕመም እንደዚያ ቶሎ እንደሚወስድህ ማን ያውቃል።

አንተ ካለፍክ በኋላ ትህትና ልምምዷን ለአንድ ሳምንት እንኳ አላቋረጠችም። በክልሉ ውድድር ሁለተኛ ስትወጣ ክለቡ ጠየቃት። እኔ እምቢ አልኩ። መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ አልኩ፤ ጨረሰች። ከዚያ አገሩ ይረጋጋ አልኩ፣ ከዚያ መንገዱ ይከፈት አልኩ። ምክንያት አላጣሁም። አንድ ቅዳሜ ልብስ እያጠብን ሳለ፣ የምፈራላት መሸነፏን ነው ወይስ ማሸነፏን ብላ ጠየቀችኝ። ማሸነፍሽን አልኳት። አንሶላውን ጨምቃ አሰጣችው።

ያንን ነገር የቆረጠው ወንድምህ አያ ሞላ ነው። ትህትና ለሁለተኛነቷ ጥቂት ገንዘብ ተሸልማ ነበር፤ ይህን ሰምቶ ከጋዝጊብላ መጣ። ልጁን ሊድር ነው። እኔ ጓዳ ሽሮ እየነፋሁ ነበር፤ ድምፁን ስሰማ እጄ ቆመ። ትህትና አስቀመጠችው፣ ውሃ አቀረበችለት፣ ስለ ከብቶቹና ስለ አዝመራው ጠየቀችው። እሱም ቀስ እያለ ወደ ጉዳዩ ገባ። አንተ ብትሆን ገና ሳይጨርስ ኪስህ ትገባ ነበር። እኔም ደሟ ነው፣ አሁን ትሰጠዋለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አያ ሞላ፣ ከሰርጉ አልቀርም። ሳምንት ቀድሜ መጥቼ ውሃም እቀዳለሁ፣ ድስትም አጥባለሁ» አለችው። «ይህን ገንዘብ ግን አልሰጥዎትም።»

ይቆጣል ብዬ ወንፊቱን እንደያዝኩ በሩ ጋ ቆምኩ። አያ ሞላ ጋቢውን ሰበሰበ፣ ዘረጋው፣ እንደገና ሰበሰበው።

«አባትሽን እምቢ እንዳይል አድርገን ያሳደግነው እኛ ነን» አለ በመጨረሻ። «አንቺን ይህን ማን አስተማረሽ?»

«እሱ ነዋ» አለችው።

ዳኜ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ደብቀኸኝ ነበር። ትህትና ያኔ ዘርዝራ ነገረችን፤ ለካ ልምምድ ስትጨርሱ ከሜዳው በላይ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለህ ዘመድ ትሆንባት ነበር። አንድ ቀን በሬ የሞተበት ገበሬ፣ አንድ ቀን ጎማ የፈነዳበት ባለ አይሱዙ ሆነህ ትለምናታለህ፤ እሷም እምቢ ማለት አለባት። ስትጮህ ይህ ስድብ ነው፣ ዘመድ አይሰደብም ትላታለህ። መሬት መሬት እያየች ስትናገር ይህማ እሺ ነው ትላታለህ። መጀመሪያ አስቀምጪው፣ ውሃ ስጪው፣ የምትችዪለትን ንገሪው፣ ከዚያ የማትችዪውን ዓይኑን እያየሽ ንገሪው እያልክ ደጋግመህ አስለምደሃታል። የታመመ ልጅ ያላት እናት የሆንክ ቀን ግን እምቢ ስትልህ ተቆጣሃት አሉ። ለታመመ ይሰጣል፣ ስንት እንደሆነ ግን አንቺ ወስኚ፣ ለማኙ አይወስንልሽ አልካት። ሁለታችሁ እዚያ ድንጋይ ላይ በሳቅ ስትንፈራፈሩ ከሩቅ አያችሁ ነበር፤ ምን እንዲህ ያስቃቸዋል እል ነበር።

ለእናትሽ እንዳትነግሪ ያልካትም፣ እኔ ያኔውኑ ነግሬው አልነበር ትልብኛለች ብለህ ነው አሉ። አዎ፣ እል ነበር።

ትህትና አንድ ጊዜ፣ እምቢ ካልኩ እግዜር እግሬን አይወስደውም ወይ ብላ ጠይቃህ ነበር። ልጅ ናትና ከአንተው አፍ ሰምታው ኖሯል። የመለስክላትን ቃል በቃል ነገረችን። «የኔን እግር እግዜር አልወሰደውም። እያመመኝ ስለሮጥኩ ነው የተበጠሰው። እያመመኝ የሮጥኩትም ቃል የገባሁላቸው ስለበዙ ነው።» አያ ሞላ ይህን ሲሰማ ጋቢውን ፊቱ ላይ አደረገ። እኔም ወንፊቴን አስቀምጬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ነገር ላንተ መቼ እንደገባህ፣ ብቻህን ስንት ጊዜ እንዳሰብከው አላውቅም፤ እኔ ግን በዚያ ቀን ከሐኪም ቤቱ አልጋ አጠገብ የተነሳሁ መሰለኝ።

አያ ሞላ ደስ ብሎት ሄደ አልልህም። ቅር ብሎት ነው የሄደ። ትህትና ግን ቃሏን ጠበቀች፤ ሳምንት ቀድማ ሄዳ ውሃ ቀዳች፣ ድስት አጠበች፣ ለሙሽሪትም ጥፍሯን ቀባችላት። የሰርጉ ቀን አያ ሞላ እጇን ይዞ አጠገቡ አስቀመጣት።

ክለቡን እሺ ያልኩት ከሰርጉ ስንመለስ ነው። ውሉን ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው፤ ያልገባንንም ደውለን ጠየቅን። ሰዎቹ ትንሽ ሰለቹን። ይሰልቹ።

ትናንት ከሰዓት ግን ልቤ ከዳኝ። ሻንጣዋን ስታስር አይቼ፣ አንድ ዓመት ብቻ ቆዪልኝ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ እኔም ብቻዬን ነኝ አልኳት። ከልቤ ነው የለመንኳት። ልብሱን ትታ ተነሳች፣ በብርጭቆ ውሃ አመጣችልኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ስታመም እንደምትመጣ፣ እሑድ እሑድ እንደምትደውል፣ ለፋሲካ እንደማትቀር ነገረችኝ። ከዚያ ዓይኔን እያየች፣ «አልቆይም፣ እማዬ» አለችኝ።

ውሃውን ጠጣሁት። አለቀስኩም፣ ሳቅኩም፤ አንተን ያየሁህ ነው የመሰለኝ።

እናትህ ጋዝጊብላ አሁንም አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ስለ አንተ ግን ሲያወሩ አይደክሙም፤ በአገራችሁ ቋንቋ በኽምጣና ነው የሚያወሩልኝ፣ ግማሹ ያመልጠኛል። ትህትናን ሸኝቼ እሳቸው ጋ እወጣለሁ። ከእንግዲህ በየዕረፍቴ እየሄድኩ ያመለጠኝን ቃል ሁሉ እጠይቃቸዋለሁ። ሰው የሚያውቅህ ካሸነፍክበት ቀን ጀምሮ ነው፣ እኔም ከአምደወርቅ ወዲህ ያለውን ነው የማውቀው። ከዚያ በፊት የነበርከውን ከሁሉ አብልጠው የሚያስታውሱ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲያልፉ አብሮ እንዳይቀበር ተምሬ እይዘዋለሁ፣ ዳኜ፤ በሁለቱም ቋንቋ አስታውስሃለሁ።

ያንተው እመቤት