ስክሪን የሌለው ቴፕ

መካኒሳ አቦ
የካቲት 9 ቀን

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ትንሿስ እንዴት ናት? ድዷን ማሳከክ ጀመራት ወይስ ገና ናት? ኑረዲንስ ሥራ እንዴት ይዞታል? እኛ ደህና ነን። የአባባ ጉልበት ጠዋት ጠዋት ያስቸግራቸዋል እንጂ ሌላው ጤና ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ ናፍቆትሽ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሐኪም ቤት አይወሰድም።

ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ካቋረጥኩ ወዲህ ከአስቤዛ ዝርዝር በቀር ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። ፊደል ከሳትኩ እንደ ድሮው አትሳቂብኝ። በስልክ ስናወራ ቃል እንደሚጠፋኝ ታውቂያለሽ። አንቺ ትጠይቂኛለሽ፣ እኔ «እ» እላለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን የሚያጣድፈኝ ሰው የለም።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከእኔ ቁጥር ተደውሎልሽ፣ ብቻሽን ተናግረሽ ተናግረሽ ማንም ሳይመልስልሽ የዘጋሽውን ታስታውሻለሽ። በኋላ ስትጠይቂኝ «ኔትወርክ ነው» አልኩሽ። ኔትወርክ አልነበረም። ያን ቀን በዚህ በኩል ምን እንደነበር ልንገርሽ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

የአባባ መኪና፣ ቮልሷ፣ ያው እንደተውሻት ናት፤ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ቅጠል እየረገፈባት። ቴፗ ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አልሠራችም። ያኔ አባባ ዘጓት፣ ወራት ቆይተው ቢከፍቷት እሷም አኮረፈች። ትዝ ይልሻል፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ጣሪያዋን ሲደበድብ ሁለታችን ከኋላ ገብተን የምንቀመጠው? የቴፗ መብራት የማር ቀለም ነበረው። አንቺ ከኋላ ተንጠራርተሽ መርፌዋን ታዞሪያለሽ፣ እኔ መርፌዋ በቆመችበት ሁሉ አገር አወጣለሁ። «አሁን ባሕር ላይ ነን፣ አሁን በረዶ አገር ደረስን» እልሽ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁንም እገባለሁ። ዳንቴሌን ይዤ ከኋላ እቀመጣለሁ። መኪናዋ ቆማ ሳለች የምደርስበት አገር ብዙ ነው። ከሁሉ ደጋግሜ የምሄደው ግን ቡታጅራ ነው። አይቼው ስለማላውቅ እኔው ሠርቼዋለሁ። ቤትሽ ሰማያዊ በር አለው። በሩ ፊት ለፊት ውኃ የጠጣ ቀይ አፈር አለ፣ አንቺ ልብስ እያሰጣሽ ነው። ከዚያ መርፌዬ ክሩን ትስታለች፣ ተመልሼ መካኒሳ እገኛለሁ።

በጥር እማማ ዘነቡ ልጃቸውን ሌንሳን ሊድሩ ሆነና ቮልሷን ለሙሽራ መኪና ሊለምኑ መጡ። የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ጆኒም አብሯቸው ነበር። መኪናዋን እየዞረ አየ፣ እጁን በመስኮት አስገብቶ ቴፗን ቢጫን ቢጫን ዝም አለችው። «ጋሼ፣ ሙዚቃ የሌለው የሙሽራ መኪና እኮ አስከሬን መኪና ነው» አላቸው። እማማ ዘነቡ «አፍህ ይቆረጥ! በሠርጌ ዋዜማ እንዲህ ይባላል?» ብለው ጀርባውን በነጠላቸው ጫፍ መቱት። አባባ ግን አልሳቁም። «ይቺ መኪና አንተ ሳትወለድ ሙሽራ ታመላልስ ነበር» ብቻ ነው ያሉት።

እንግዶቹ ሲሄዱ እኔ ውኃ አቀርባለሁ፣ እሳቸው ኮፈኗን ያጥባሉ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለጨርቁ የሚናገሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሰውን ልጅ ሁሉ በዚህች መኪና ሸኝቼ፣ የራሴ ልጅ በሚኒባስ ሄደች» አሉ።

እታለሜ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቆጡት በኑረዲን ሃይማኖት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሱም ይኖርበት ይሆናል፣ አላውቅም። ግን ያን ቀን ጨርቁን ሲጨምቁት አየሁ። ውኃው ካለቀም በኋላ ይጨምቁት ነበር።

በማግስቱ «ቴፕ እንገዛለን፣ አንቺ ምረጪ፤ እኔ ብሉቱዝ የሚሉትን አላውቅበትም» አሉኝ። እኔ በሕይወቴ የመረጥኩት ነገር ቢኖር የክር ቀለም ነው። ሌሊቱን ሁሉ በሕልሜ ቴፕ ሳይ አደርኩ።

ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የመኪና ዕቃ ሱቅ ገባን። ጆኒም «ሳላማክራችሁማ አትገዙም» ብሎ ተከተለን። ገና ከመግባቱ ትልቅ ስክሪን ያለውን አንስቶ «ይሄ ነው! ካሜራ አለው፣ ቪዲዮ ያሳያል፣ የደወለልህ ሰው ፎቶ ሳይቀር ድቅን ይላል» አለ። የምትገጥመዋ ልጅ ዝማሬ ትባላለች። ካቻቢቴዋን ፀጉሯ ላይ እንደ ማበጠሪያ ሰክታ ነው የምትሠራው። ወጥታ ቮልሷን አየቻትና «ይሄ እንዲገባ ዳሽቦርዱ መቆረጥ አለበት። የዚች ብረት ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ጆኒ፣ ለሽማግሌ የጎረምሳ መነጽር ታደርግላቸዋለህ?» አለችው። እሱም «አንቺ ዝም ብለሽ ግጠሚ፣ ምክርሽን ማን ጠየቀሽ» አላት። «አባትየው ጠይቀውኛል» ብላ ወደ አባባ ስታይ አባባ ወዲያውኑ «አዎ ጠይቄያታለሁ» አሉ። አልጠየቋትም ነበር።

ከዚያ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወጣች። እታለሜ፣ ስታወጣው የእኛዋ ቴፕ ታጥባ የመጣች መሰለኝ። ፊቷ እንደ መስታወት የሚያበራ ብረት፣ ግራና ቀኝ ሁለት ማዞሪያ፣ መካከል ላይ እንደ ጥርስ የተደረደሩ አምስት ቁልፎች፣ ከላያቸው መስኮት፣ በመስኮቱ ውስጥ ቀይ መርፌ። ያረጀ የሚመስለው ግን መልኳ ብቻ ነው። ዝማሬ እንዳስረዳችን ብሉቱዙ ውስጥ ነው፣ የፍላሹ መሰኪያ ኪሱ ውስጥ ተደብቆ ይገባል፣ ስልክ የሚያናግሩባት ማይክ ደግሞ ሽንብራ ታህላለች። መብራቷን በፈለጉት ቀለም ማድረግ ይቻላል። «ማር» አልኩ፣ ከአፌ አምልጦኝ። «ማርም አለ» አለችኝ።

ቀጥላ ደግሞ እንዲህ አለች፤ «የቀኙን ማዞሪያ ሁለቴ ሲጫኑት መጨረሻ ወደተደወለበት ቁጥር ይደውላል። ስክሪን ስለሌለው ማን እንደሆነ የምታውቁት ድምፁን ስትሰሙ ነው።»

«ይሄ ይሁን» አልኩ። ጆኒ እንኳ ዞሮ አየኝ፤ ሰው ፊት ድምፄን ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ። አባባ ለምን ብለው ቢጠይቁኝ «ለመኪናዋ ይሄዳል» አልኳቸው። መሄዱስ እውነት ነው። ግን የነገርኳቸው ግማሹን ነው፣ ሌላውን ግማሽ ላንቺ ልናዘዝ። አንቺና ትንሿ አብራችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ስልኬ ላይ ከቁጥርሽ ጋር ነው ያለው። በጆኒ ስክሪን ላይ ቢሆን ድቅን ትሉ ነበር። አባባ ስምሽን ካዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ትንሿ መወለዷንም አልነገርኳቸውም፣ ስንት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። ድምፅ ግን ሳይታይ ነው የሚገባው። መጨረሻ የደወልኩት ወደ ማን እንደነበር አውቅ ነበር። እኔ የምደውለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።

ዝማሬ ግማሽ ቀን ሠራች። ሲያልቅ ጆኒ ፍላሹን ሊያመጣ ሄዶ ነበር። አባባ መሪው ላይ፣ እኔ አጠገባቸው፣ ዝማሬ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ። መብራቷ ስትበራ አባባ «እይ!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። መርፌዋ ቀስ ብላ ሄደች፣ ሬዲዮው ተናገረ። እኔም አብሬያት ትንሽ ሄድኩ። ዝማሬ ስልኬን አገናኝታ «በሉ የሆነ ሰው ጋ ደውሉ፣ እንሞክረው» አለች።

እጄ ሄዶ ሁለቴ ተጫነው። እጄ የምለው እኔ ስለፈራሁ ነው።

ጥሪው ከፊትም ከኋላም ነበር የሚሰማው። ከዚያ አንቺ መጣሽ። «ሄሎ የኔ ማር፣ ዛሬ ደግሞ በቀን ምን ተገኘ?» አልሽ። መልስ ስታጪ ድምፅሽ ተለወጠ። «አባባ ደህና አይደሉም እንዴ? ጉልበታቸው ነው? ተናገሪ እንጂ፣ አታስደንግጪኝ» አልሽ። ያኔ ነው ቀስ ብለሽ «አሁንም ስሜን አያነሱም አይደል?» ያልሽው። ወዲያው ትንሿ ከበስተኋላሽ አለቀሰች። «እሽሽ፣ እናትዬ፣ ነቃሽብኝ» አልሻት። ለቅሶዋ ቮልሷን ሞላት። ጣሪያውን፣ ወንበሩን፣ ሁሉን።

የአባባ ሁለት እጆች መሪውን እንደያዙ ነበሩ፣ የቆመች መኪና የሚነዱ ይመስል። መዝጊያው ከጣታቸው አንድ ስንዝር አይርቅም። አልዘጉትም። አንቺው «ኔትወርኩ ነው» ብለሽ ዘጋሽው፣ ሬዲዮው ካቆመበት ቀጠለ።

ምንም የማታውቀው ዝማሬ «ድምፁ እንዴት ነው ጋሼ? ይጮኻል?» አለች። አባባም «የለም። ጥርት ብሎ ይሰማል» አሉ። ቀጥለውም «ያቺ ሽንብራስ ትሠራለች? እኛን ይሰሙናል?» ብለው ጠየቋት። «ብትናገሩማ ይሰሟችሁ ነበር» አለች ዝማሬ፣ «ማንም አልተናገረም እኮ።»

መኪናዋን አስነስተው ወደ መካኒሳ ነዱ። አቦ ደጃፍ ስንደርስ ቆባቸውን አውልቀው ተሳለሙ፣ መልሰው አደረጉት፣ ከዚያ መንገዱን እያዩ «ስንት ወሯ ነው?» አሉኝ። «አምስት» አልኩ። «ማንን ትመስላለች?» አሉ። ፎቶ አለኝ ብላቸው «እየነዳሁ ነው» ብለው ተቆጡኝ። ግቢ ገብተው ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ግን አልወረዱም። እጃቸውን ዘርግተው «እስቲ» አሉ። ስልኩን አርቀው አቅርበው አዩት። «አፍንጫዋ የእኛ አይደለም» አሉ። ስልኩን እንደገና አቀረቡትና «ጆሮዋ ግን የእኛ ነው» አሉ።

ሠርጉ ባለፈው እሑድ አለፈ። ቮልሷ ነጭ ሪባን አስራ፣ ኮፈኗ ላይ አበባ ደፍታ ስትወጣ ብታያት! ጆኒ ራሱ ዝቅ ብሎ «ጋሼ፣ ቃሌን አንስቻለሁ» አላቸው። ሰኞ ጠዋት ሪባኑን ልፈታ መቀስ ይዤ ስወጣ አባባ «ተዪው» አሉኝ። «ይቆሽሻል እኮ አባባ» ብላቸው «ተዪው አልኩሽ፤ ገና አንድ መንገድ ይቀራታል» አሉ። ማክሰኞ ዘይት አስቀየሩ። ረቡዕ ጀሞ ታክሲ ተራ ቆመው ሾፌሮቹን ከአለምገና ወዲያ ያለው መንገድ ለአሮጌ መኪና ይከብድ እንደሆነ ሲጠይቁ እማማ ዘነቡ አይተዋቸዋል።

ትናንት ደግሞ «ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ለእህትሽ ደብዳቤ ካለሽ ጻፊ» አሉኝ። ስምሽን አልጠሩም፤ ግን «ለእህትሽ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ማን ነው ሰውየው ብላቸው «ሰው ነው፤ የማምነው ሰው» አሉ። ሌላ አልጠየቅኳቸውም። እኔም ልሂድ አላልኩም፤ ሰውየው ይህን መንገድ ብቻቸውን ሊሄዱት የፈለጉ ይመስለኛል።

እና እታለሜ፣ ይህን ደብዳቤ ይዘው የሚመጡትን ሰው ደጅ ላይ አታቁሚያቸው። ዝቅ ያለ በርጩማ አትስጫቸው፣ ለመነሳት ይቸገራሉ። ሻያቸው ላይ ስኳር አታብዢ። «መልእክተኛ ነኝ፣ አድርሼ ልመለስ ነው» ይሉሽ ይሆናል፤ አትመኛቸው። ስላለፈው ምንም አታንሺ። ትንሿን ጭናቸው ላይ አድርገሽ አንድ ነገር ፍለጋ ወደ ጓዳ ግቢና ቆዪ።

ሲነሱ ደግሞ እስከ አስፋልቱ አድርሱኝ በያቸው፤ ኑረዲንንም ጥሪው። ከፊት እንዳትቀመጪ። ሁለታችሁም ከኋላ ተቀመጡ፣ ቦታችሁ እዚያ ነው።

እንደ ድሮው ተንጠራርተሽ የቴፗን የቀኝ ማዞሪያ ሁለቴ ተጫኚው። ስልካቸውን አገናኝቼላቸዋለሁ፣ ዛሬ ጠዋትም ልሞክረው ብለው ከግቢው በር ላይ በሱ ደውለውልኛል፤ መጨረሻ የደወሉት ወደ እኔ ነው። እኔ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። በዚህኛው ጊዜ እናገራለሁ። መጀመሪያ የምጠይቅሽ የበርሽን ቀለም ነው።

አንቺን እመቤቴ ትጠብቅሽ፣ ኑረዲንን አላህ ይጠብቀው፣ ትንሿን ሁሉም በአንድነት ይጠብቋት። የመጣው ሰው በሰላም ይመለስ፣ መመለሻውም አይፍጠን።

አንቺን ከኋላ ወንበር የምትጠብቅሽ
ታናሽ እህትሽ