አራተኛው አምፕሊፋየር

ረቡዕ

“ጸናጽሉ የት ገባ?” አለኝ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ። ከሺፍት መግባቴ ነበር። ዳውንታውን ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሳድል ቆሜ ውዬ እግሬ አብጧል። ባሌ ኃይሉ ሳሎን መሐል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የማኅሌት ቅጂ ከፍቶ ይጠብቀኛል። “ከበሮው አለ። ዜማው አለ። ጸናጽሉን ግን ይኼ አምፕሊፋየር በልቶታል።”

ይኼኛው አራተኛው ነው። ስፒከሮቹን የገዛው ጡረታ ሲወጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ለዘፋኞች የመድረክ ድምፅ ሲያስተካክል ኖሮ፣ “አሁን ደግሞ ለራሴ” ብሎ። ቁመታቸው ደረቴ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው የሚስማማቸውን አምፕሊፋየር፣ ጉልበት የሚሰጣቸውን ማሽን፣ መፈለግ ሆነ። አንዱ ድምፁ ደረቀበት። አንዱ ጨለመበት። አንዱ “ነፍስ የለውም” ተባለ። ይኼኛው እንደ አምፖል የሚበሩ ቱቦዎች ያሉት ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው።

ለእኔ ጸናጽሉ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። እንዲያውም ይወጋኛል። ስነግረው “ያንቺ የካዚኖ ጆሮ ነው። የቁማር ማሽን ሲጮኽበት የሚውል ጆሮ ምን ያውቃል?” አለኝ። ምንጣፉም ጥፋተኛ ነው። መጋረጃውም። ሁለቱንም የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ

ዛሬ ኦፍ ነኝ። ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ መጠቆሚያ ባትሪው ሊያልቅ ነው መሰለኝ፣ ጠዋት ጭው ማለት ጀመረ። ቆም ይልና ደግሞ ጭው። ቀጭን፣ ጥርስ የሚያንገፈግፍ ድምፅ።

ኃይሉ ከሥሩ ቆሞ ስልክ ያወራል። አንዴም ቀና አላለም። ቁርስ አቀረብኩ። ጭው አለ። እሱ ይበላል። ጭው። “ዛሬ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል፣ ደስ ይላል” አለኝ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ለልጃችን ለሊያ ደወልኩላት። “ማሚ፣ ዳዲ ሂሪንግ ቴስት ማድረግ አለበት። ጀስት ንገሪው” አለች። ጀስት! አባቷን የማታውቀው ይመስል።

የጆሮ ምርመራውን ነገር አልነገርኩትም። ባትሪ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ እሱንም አልቀየርኩም። ከሰዓት ስለ ጆሮዬ መናገር ሲጀምር ከጣሪያው ላይ ጭው አለ። ደስ አለኝ። ክፉ ደስታ ነው፣ አውቃለሁ። ለሰው የማልነግረውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ዓርብ

ደረጀ መጣ። ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ ጀምሮ አብረው ናቸው። ቤቱ እዚሁ ስፕሪንግ ቫሊ፣ እኛ አጠገብ ነው፤ እሱም ቤቱ ስፒከር አለው፣ ኃይሉ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር “የሠርግ ቤት ስፒከር” እያለ የሚያሾፍበት።

ገና እንደተቀመጠ ጭው አለ።

“ባትሪ ቀይሩ እንጂ!” አለ ደረጀ።

“የምን ባትሪ?” አለ ኃይሉ።

ደረጀ ጣሪያውን አየ። ኃይሉን አየ። ከዚያ እኔን። እኔ ጣቶቼን ማየት ጀመርኩ። “ምንም” አለ ደረጀ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ ሲመጣ አየሁ። “እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩን ልጆች ይዤ ልምጣ። የኔን አምፕሊፋየር አመጣለሁ፣ ሁለቱን በአንሶላ እንጋርዳቸው። የትኛው ለስፒከሮቹ እንደሚስማማ በጆሮህ ብቻ ንገረን።”

ኃይሉ እንዴት ደስ እንዳለው! ከሄደ በኋላ ራት እያቀረብኩ ሲያስተምረኝ አመሸ። “እነዚህ ስፒከሮች ጉልበት ይጠጣሉ። ደካማ አምፕሊፋየር ቮሊዩሙን ከልክ በላይ ከገፋሽው ድምፁ ይቆረጣል። የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ ከላይ ያለችውን ትንሿን ስፒከር፣ ቀጭን ድምፅ የምታወጣውን፣ ያቃጥላታል። ሰው ብርቱው የሚገድላት ይመስለዋል። የሚገድላት የሚንጠራራ ደካማ ነው።”

ደረጀ ምን እንዳሰበ ገብቶኛል። አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

ቅዳሜ

ኦቨርታይም ሠራሁ። ስመለስ ኃይሉ አንሶላውን ራሱ ተኩሶ አጣጥፎታል። “ነገ አንቺም ተቀመጪ፣ ትማሪያለሽ” አለኝ። ልነግረው ነበር። “ትማሪያለሽ” ሲለኝ ተውኩት።

እሁድ



ደረጀ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ፣ ሁለቱም የማኅበራችን ናቸው። ኃይሉ ሱፉን አላወለቀም። ደረጀ ከአንሶላው ኋላ ገብቶ መጀመሪያውን ከፈተ። ኃይሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። “ይኼ የታፈነ ነው” አለ። ደረጀ ገመድ የሚቀይር መስሎ ተንኮሻኮሸ። እኔ በጎን ተቀምጬ አያለሁ፤ እጁ አንድም ገመድ አልነካም። ያንኑ አምፕሊፋየር መልሶ ከፈተው።

ኃይሉ ፊቱ በራ። “እህ! ይኼ ነው! ጸናጽሉ ተመለሰ። ሰማችሁ? አየር አለው!”

አንሶላውን ገለጡት። የደረጀ አምፕሊፋየር ገመድ ሳይገባለት ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሳቁ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አንደኛው ሰውዬ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ደረጀ “አየር አለው!” እያለ ጉልበቱን ይመታል። ለካ ሌላኛው በስልክ ሲቀርፅ ነበር። ገና ከበር ሳይወጡ የማኅበሩ ግሩፕ ላይ ለቀቁት።

ኃይሉ ሸኛቸው። በሩን ዘጋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “ያንቺ ምንጣፍ ነው። ድምፁን ሁሉ የሚመጠው ይኼ ምንጣፍሽ ነው። ሰው ፊት አዋረድሽኝ።”

ያኔ ነው የተናገርኩት። “ምንጣፉ አይደለም። ጆሮህ ነው። ሊያ እንኳ ሐኪም ይየው ብላለች። ከሐሙስ ጀምሮ ራስህ ላይ ይጮኻል፣ አትሰማም።” እጁን ይዤ ኮሪደሩ ጣሪያ ሥር አቆምኩት። ጠበቅን። ጭው ሲል ጣቴን አነሳሁ። እሱ የሚያየው ጣቴን ነው። ደግሞ ጭው አለ፣ ደግሞ አነሳሁ። ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም።

“ከሐሙስ?” አለ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ ባትሪውን ቀየርኩት።

ሰኞ

መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ሙዚቃው መንገድ ላይ ይሰማል። ጎረቤታችን በሯ ላይ ቆማለች። ሮጬ ገባሁ። ቮሊዩሙ መጨረሻው ላይ ነው። ኃይሉ ወንበሩ ላይ አልነበረም፤ ስፒከሮቹ መሐል ቆሞ ያልበዋል።

“ሰማሁት!” እያለ ይጮኻል። “ጸናጽሉን ሰማሁት! ጆሮዬ ምንም አልሆነም። ጉልበት ነው ያነሳቸው፣ ይኸው ተስማሙ!”

የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ቮሊዩሙን ቀነስኩት። ግራውን ስፒከር ተጠግቼ ጆሮዬን ከላይ ካለችው ትንሿ ላይ አደረግሁ። ምንም የለም። ቀኙም እንደዚያው። ከታች ከበሮው ይመታል፣ ከላይ ዝም። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ተመልሶ ዓይኑን ጨፍኗል። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቷል።

ምን ልበለው? ትናንት ያ ሁሉ አፍ ነበረኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ጠራኝ። “ነይ እዚህ ተቀመጪ” አለ። የእሱ ወንበር ላይ። ማንንም አያስቀምጥበትም። “ጸናጽሉ እንዴት ነው?”

መዋሸት እችል ነበር። “የለም” አልኩት።

ሳቅ አለ። “የካዚኖ ጆ...” ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። ተነሳ። መፍቻ አመጣ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን አመጣ። ትንሿን ስፒከር ፈትቶ ሽቦዎቹን ነካ። ቁጥሩን በዓይኑ ማየት ይችላል። ግራውን ለካ። ቀኙን ለካ። ደግሞ ግራውን። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

“ትናንት ስትገቢ ተቃጥለው ነበር?”

“አዎ።”

“አውቀሽ ዝም አልሽኝ።”

“አዎ።”

“ደስ ብሎሽ ነው?”

“እሁድ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ትናንት ግን አይደለም።”

ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። የፈታውን ብሎን መዳፉ ላይ ያንከባልላል። ስልኩ ሁለት ሦስቴ ጮኸ፤ ደረጀ ነው። አላነሳውም።

“ሊያ ያለችው ሐኪም የት ነው?”

“ሄንደርሰን። ዋተር ስትሪት አካባቢ። ለዓርብ ቀጠሮ ይዛልሃለች።”

“አብረሽኝ ግቢ” አለ። “የሚለኝን ባልሰማውስ?”

እገባለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሰምቶኝ ይሁን ከንፈሬን አይቶ፣ አላወቅሁም።