የማንጓለል ትርጉም

ለጫልቱዬ፣ ለቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽን ዓመት ሞላ። ነፍስሽን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ እያልኩ ውዬ አድራለሁ። የቤቱን ክዳን ከክረምቱ በፊት አስለወጥኩ፤ ከጓሮ የተከልሽው ኮረሪማም ዘንድሮ አፈራ። ይህን የማስቀድመው ስለ ትናንቱ ልነግርሽ አፍሬ ነው።

አማርኛ ስትለምጂ የሰፌዱን ሥራ ስም ትጠይቂኝ ነበር። እህሉን ወደ ላይ እያነሡ ገለባውን ለነፋስ መስጠት ማበጠር ነው፤ ጠጠሩን በጣት ማውጣት መልቀም ነው አልኩሽ። ሰፌዱን ሲያዞሩት ግርዱ መሐል ላይ ይሰበሰባል፤ እሱን አፍሶ ለብቻው ማድረግ ደግሞ ማንጓለል ይባላል። አንቺም ግርዱን በእፍኝሽ ይዘሽ፣ ይኼ እኮ ያልተፈለፈለ እህል ነው፣ እንደገና ይወቀጣል እንጂ ለምን ይገለላል ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሰውን ከሰው ለይቶ ዳር ማስቀመጥም ማንጓለል እንደሚባል ግን ሳልነግርሽ ቀረሁ። ሆድ እንዳይብስሽ ብዬ ይመስለኛል፤ እውነቱን እግዚአብሔር ያውቃል።

ትናንት ሙት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ማር ተሸክመው ከአገራችሁ ከዳሪሙ በእግራቸው መጡ። እኅቴ እትዬ አስካለ፣ ሹማምንት ስለሚመጡ አማርኛ የማያውቅ ጓዳ ይቀመጥ አለች። ሰማሁ፤ ዝምም አልኩ። ቄሱ ጸሎት ሲያደርሱ በክርስትና ስምሽ ወለተ ማርያም እያሉ አነሡሽ። እናትሽ ከጓዳ ሆነው አጠገባቸው ያለችውን ሴት በኦሮምኛ ሲጠይቁ ሰማሁ፦ «ለልጄ ነው ብለው ጠርተውኝ ለማን ነው የሚጸልዩት?»

ጫልቱዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዳዊት የደገምኩ እኔ፣ እናትሽን ካንቺ ዝክር አንጓለልኳቸው።

ጓዳ ገብቼ አጠገባቸው መሬት ተቀመጥኩ። የሚጠሩት ስም ያንቺ መሆኑን በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም፤ ግን ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። እትዬ አስካለ እንግዶቹ ይጠብቁሃል ብላ ደጋግማ ብትልክብኝም አልተነሣሁም። ጓዳ የገባሁትም ቢሆን ሰው በልቶ ከጠገበ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አታመስግኚኝ።

ዛሬ ጠዋት ቄሱን ጠይቄ ነበር። በቤተ ክርስቲያን የሚነሣው የክርስትና ስም ብቻ ነው አሉኝ፤ ሥርዓት ነውና አልተከራከርኩም። እኔ ግን ማታ ማታ ስጸልይ እናትሽ ባወጡልሽ ስም አነሣሻለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አላቋርጥም። የከርሞ ዝክርሽን ደግሞ ዳሪሙ፣ እናትሽ ደጅ አደርገዋለሁ። የት እንደምቀመጥ እሳቸው ይዘዙኝ።