በችሎቱ በር ላይ የቀረው ጠመንጃ

ሽንፋ፣ ሐሙስ ሰኔ 5

ዛሬ ከጎረቤቴ ከአያ ደሳለኝ ጋር ችሎት ፊት ቆምን። ባሌ ከሞተ ወዲህ በየክረምቱ በትራክተር ድንበሬን እየገፋ ያርሳል። አምና ብጮህበት ጠመንጃውን እያሳየ፣ «ዳኛሽ ይኸውልሽ!» ብሎኝ ነበር።

ዛሬም አንግቶት መጣ። በር ላይ የምትፈትሸው ልጅ ቀጭን ናት፤ በእጇ ዱላ እንኳ የላትም።

«አባቴ፣ ብረትዎን እዚህ ትተው ይግቡ» አለችው።

አሁን ሊቆጣ ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ቆም ብሎ አየት አደረጋትና ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃውን አስረከባት።

ዳኛው ሁለታችንንም ሰምተው ድንበሩ በባለሙያ እንዲለካ አዘዙ። እስኪለካ ድረስ የተጣላንበትን መሬት እሱም እኔም እንዳናርስ ከለከሉ። ዝናቡ ገብቷል፤ ሰሊጥ የምዘራበት ጊዜ ሊያልፍብኝ ነው። ተናደድሁ።

ስንወጣ ግን የበሩ ነገር ከነከነኝና ጠየቅሁት።

«አያ ደሳለኝ፣ ያችን ልጅ ምን ፈርተው ነው ብረትዎን የሰጧት?»

«እሷን ማን ይፈራል?» አለ ጠመንጃውን መልሶ እያነገተ። «እኔ ይዤ ከገባሁ፣ ነገ ከእኔ የበለጠ መሣሪያ ያለው ባለብሬኑ ይዞ ይገባል። ያን ጊዜ እኔን ማን ይሰማኛል?»

ለካ እሱም የሚፈራው ሰው አለው! መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሳሰላስል መጣሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ባለሙያው ለክቶ መሬቱ የደሳለኝ ነው ቢልስ? እኔስ ፍርዱን እሺ ብዬ እቀበላለሁ?